እሱ ሲያውቅ «መድኃኒት አዋቂ»፣ እሷ ስታውቅ «አስነካችው»

አማርኛ ስለ መድኃኒት ሲያወራ ጾታ ይመርጣል። ወንዱ ቅጠል ለይቶ፣ ሥር ምሶ፣ ወቅጦና በጥብጦ ለሰው ከሰጠ «መድኃኒት አዋቂ» ነው። ስሙ ከወረዳ ወረዳ ይሄዳል፤ ሕመምተኛ ከሩቅ ይመጣለታል። ሴቷ ያንኑ ቅጠል ለይታ፣ ያንኑ ሥር ምሳ ስትሰጥ ግን ግሡ ይቀየራል። «አስነካችው»፣ «አበላችው»፣ «መድኃኒት አደረገችበት» ይባላል። «አደረገችለት» የሚል ጥቂት ነው። በአንዲት «በ» ፊደል መድኃኒቱ መርዝ፣ አዋቂዋ ጠንቋይ ይሆናሉ።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዳባትም ሆነ በደባርቅ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች በድብ ባሕርም ሆነ በሌላው የአማራ አገር፣ ባል ሚስቱን አብዝቶ ከሰማ ወይም ከእናቱ ቤት እግሩን ከቀነሰ «ምን አስነክታው ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ሁለት እምነቶችን በአንድ ትንፋሽ ይዟል። አንደኛው ሴት ቅጠል ታውቃለች የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማወቋ ያስፈራል የሚል ነው። የመጀመሪያው እምነት እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ለዘመናት ያላግባብ ኖሯል።

እነዚህ ሁለት እምነቶች ከስሜን ተራሮች እጅግ ርቀው በተጻፉ ምናባዊ ልብወለዶችና ፊልሞች ውስጥም በግልጽ ይታያሉ። ዛሬ የከተማው ወጣት በስልኩ የሚያያቸውና የሚያነባቸው የአስማት ታሪኮች ስለ ቅጠል አዋቂዋ ሴት የሚሉት ነገር፣ ደባርቅ ገበያ ላይ ከሚባለው ብዙም አይለይም። ስለዚህ አንዱን በሌላው መስታወት ማየት ይጠቅማል።

▪️ ጎጆዋ ሁልጊዜ ከጫካው ዳር ነው

የዚህ ዓይነት ታሪክ አንባቢ ሴትዮዋን በደንብ ያውቃታል። አሮጊት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጎጆዋ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ከጫካው ዳር ነው። ጀግናው ቆስሎ ይመጣል። ቅጠል ቀጥቅጣ ታስርለታለች፣ መራራ ነገር ታጠጣዋለች፣ አንድ እንቆቅልሽ መሰል ቃል ትነግረዋለች። ከዚያ ወይ ትሞታለች፣ ወይ ከታሪኩ ትጠፋለች። ከማን እንደተማረች፣ ስንት ሰው ሞቶባት ስንቱን እንዳዳነች፣ በምን እንደምትተዳደር የሚጠይቅ የለም። ሥራዋ ጀግናውን አሽላ ወደ መንገዱ መመለስ ነው።

የተሻለ ቦታ የተሰጣትም ብትሆን ድርሻዋ ተለክቶ ነው የተሰጣት። በሃሪ ፖተር ታሪኮች የዕፅዋት መምህርቷ ፕሮፌሰር ስፕራውት ናት። ጥፍሯ አፈር የያዘ፣ ልብሷ የተጨማለቀ፣ ደግ ሴት ናት። በሁለተኛው መጽሐፍ ተማሪዎች እንደ ድንጋይ ደርቀው ሲወድቁ፣ የሚያነቃቸውን ተክል ከችግኝ ጀምሮ የምታሳድገው እሷ ናት። ተክሉ ሲደርስ ግን መድኃኒቱን የመቀመሙ ማዕረግ የመድኃኒት ቅመማ ሊቁ የስኔፕ ነው። ማብቀሉ የእሷ፣ ምስጢሩ የእሱ ሆነ ማለት ነው። አንባቢ ልብ ሳይለው የሚያልፈው ይህ የሥራ ክፍፍል በየትኛውም የገጠር ቤት ያለ ነው።

አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው የኧርዝሲ ታሪክም ተመሳሳይ ነገር አለው። የጌድን የአስማት ተሰጥኦ መጀመሪያ ያየችውና የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያስተማረችው የመንደር ጠንቋይ የሆነችው አክስቱ ናት። ትምህርቱ ሲከብድ ግን ልጁ ወደ ወንድ መምህር፣ ከዚያም ወንዶች ብቻ ወደሚማሩበት የሮክ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሴቶቹ አስማት በታሪኩ ዓለም ተራና የማይታመን ተደርጎ ይነገራል። ለጉዊን ራሷ በዚህ አልረካችም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 «ተሃኑ» በሚለው መጽሐፏ ወደዚያው ዓለም ተመልሳ ታሪኩን ከመበለቲቱ፣ ከተቃጠለችው ልጅና ከመንደሩ ጠንቋይ በኩል ጻፈችው። ደራሲ የገዛ ዓለሙን በር ከፍቶ «እዚህ ውስጥ ማን ተረሳ?» ብሎ ሲጠይቅ ማየት ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ፊልምም መታየት አለበት፤ ለአፍሪካ ኩራት ተብሎ ብዙ ስለተወራለት። የዋካንዳ ንጉሥ ኃይሉን የሚያገኘው ከአንድ አበባ ነው። ኪልሞንገር ዙፋኑን ሲይዝ የአበባው አትክልት ቦታ እንዲቃጠል ያዛል፤ እምቢ ያለችውን ጠባቂ ሴት በአንገቷ ያነሣታል። አበባው ከምድር እንዳይጠፋ ያደረገችው አንዲቱን ነጥላ የወሰደችው ናኪያ ናት። በ2022ቱ ተከታይ ፊልም ደግሞ ተክሉን በላቦራቶሪ ዳግም የፈጠረችው ሹሪ ናት። ጠባቂዎቹም፣ አዳኟም፣ ፈጣሪዋም ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያው ፊልም ግን አበባው የሚያነግሠው ወንዶችን ነው።

የፌሚኒስት ንባብ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው «በታሪኩ ውስጥ ሴት አለች ወይ?» አይደለም፤ አለች። ጥያቄው ዕውቀቷ በማን መዝገብ ተጻፈ የሚለው ነው።

▪️ የአንበሳው ፀጉር

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው በልጅነቱ የሰማው አንድ ተረት አለ። አንዳንዱ ሴትዮዋ ባሏ የጠላት ሚስት ናት ይላል፤ ሌላው የእንጀራ ልጇ እንዲወዳት የምትጨነቅ እናት ያደርጋታል። በሁለቱም መልኩ ወደ አንድ አዋቂ ሰው ሄዳ መድኃኒት ትለምናለች። አዋቂው «የአንበሳ ፀጉር አምጪልኝ» ይላታል። ሴትዮዋ ሥጋ እየያዘች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋች አንበሳውን ታለማምዳለች፤ በመጨረሻ ፀጉሩን ትነቅላለች። ይዛ ስትመጣ አዋቂው መድኃኒት አይሰጣትም፤ አንበሳን ያለማመድሽበት ትዕግሥት ለቤትሽም ይበቃል ብሎ ይመልሳታል።

ተረቱ የትዕግሥት ትምህርት ተብሎ ለልጆች ይነገራል። ቀዝቀዝ ብሎ ላየው ግን ሁለት የተሸሸጉ ነገሮች አሉበት። የመጀመሪያው፣ በቤት ውስጥ ያለው በደል መፍትሔ ሙሉ በሙሉ በሴትዮዋ ላይ መጫኑ ነው። ባልየው ምን አደረገ፣ ለምን ጠላት፣ እሱስ ምን መማር አለበት የሚል የለም። ከአንበሳ ጋር ተመሳሰለ፤ አንበሳ ደግሞ አይወቀስም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። በዚህ ተረት ውስጥ የመድኃኒት አዋቂን ሥራ የሠራው ማነው? አዋቂ የተባለው ሰውዬ ከተቀመጠበት አልተነሣም። አንበሳው የሚወጣበትን ሰዓት ያጠናችው፣ የሚወደውን ለይታ ያወቀችው፣ ዛሬ ይህን ያህል ነገ ያን ያህል እያለች መጠኑን የለካችው፣ ስትሳሳት ሕይወቷን የምትከፍለው ሴትዮዋ ናት። ማስተዋል፣ መለየት፣ መመጠን፣ ውጤቱን መጠበቅ፤ ቅጠል የሚያውቅ ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ተረቱ ግን «አዋቂ» የሚለውን ስም ለሰውዬው ሰጥቶ እሷን «ምስኪኗ ሚስት» ብሎ ሸኛት።

▪️ ደብተሩ ያለው ማን ጋ ነው?

ከደባርቅ የሚነሣ መንገደኛ ሊማሊሞን ሲወርድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቀት ይገባል። ላይ፣ በስሜን ደጋ፣ ጅብራና ጦስኝ አለ፤ ከፍ ባለው ደን ኮሶና አስታ ይበቅላል። ወደ ድብ ባሕርና ዛሪማ ሲወረድ የቆላውና የወይና ደጋው ዕፅ ይተካል። ደጋና ቆላ እንዲህ በተቀራረበበት አገር የሚኖር ሰው የሁለቱንም ዕፅ የማወቅ ዕድል አለው።

ይህን ዕውቀት በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ማነው? ልጅ ምች ሲመታው ዳማ ከሴ ቀጥፋ በእጇ አሽታ የምታሸትተው፣ ፊቱንም የምትቀባው እናት ናት። ሆድ ሲነፋ ፌጦ የምትበጠብጥ፣ ለቁርጠት ጤና አዳም የምታሽ፣ ጉንፋን ሲይዝ ነጭ ሽንኩርት ከማር የምታደባልቅ፣ ጦስኙን አፍልታ የምታጠጣ እሷ ናት። ልብስ በእንዶድ ያጠበችው፣ የእንዶዱን ቅጠልና ፍሬ፣ የሚያረፋውን ከማያረፋው የለየችው እሷ ናት። ብዙ የኢትዮጵያ ጥናቶች መግቢያቸው ላይ ከሕዝቡ 80 በመቶ የሚሆነው በባህል መድኃኒት ይጠቀማል የሚል ቁጥር ይጠቅሳሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው ብንል እንኳ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ደብተራ ቤት ተሰልፎ ሊሆን አይችልም። አብዛኛው መድኃኒት የሚቀመመው ጓዳ ውስጥ ነው።

ሆኖም «የባህል ሐኪም» ሲባል የሚታሰበው ደብተራው ነው። ለዚህ ምክንያቱ ጽሕፈት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ሕመምን፣ ዕፅንና ጸሎትን አዋሕዶ የያዘ የጽሑፍ ቅርስ አለው። በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት በብራና ከትውልድ ትውልድ ተላልፈዋል፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከእነዚህ ጽሑፎች ሰፊ ስብስብ አሳትሟል። ቅርሱ ትልቅ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ወደዚያ ደብተር የሚያደርሰው በር የአብነት ትምህርት ቤቱ ነበር፤ በሩ ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ለወንድ ልጅ ብቻ የተከፈተ ነበር። ቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከየኔታ እግር ሥር ሲቀመጥ እኅቱ ውሃ ትቀዳለች። የለጉዊን የሮክ ትምህርት ቤት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከጽሕፈቱ በላይ የርስቱ ሥርዓት አለ። የመድኃኒት ምስጢር ከአባት ለተመረጠ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ስሙ በአደባባይ ከተጠራ ኃይሉን ያጣል ይባላል። በየአካባቢው የተሠሩ የዕፅዋት ጥናቶች ደጋግመው ይህን ይመዘግባሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት መድኃኒት እንዳትነቅል የሚከለክል ልማድም አለ፤ ከነካችው «ይረክሳል» ይባላል። እነዚያው ጥናቶች ዋና መረጃ ሰጪዎችን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት በአገር ሽማግሌና በቀበሌ ሹም ጥቆማ ነው። ሽማግሌው የሚጠቁመው የሚያውቀውን «አዋቂ» ነው። ከዚያ ውጤቱ ይወጣል፦ ወንዶች ከሴቶች የበለጠ ዕፅ ያውቃሉ። ለማን እንደተጠየቀ ሳይጠየቅ የወጣ መልስ ነው።

▪️ ተክሉ በማን ስም ይጠራል?

የስሜን አካባቢ ተክሎች በሳይንስ ስማቸው ሲጠሩ የሰው ስም ተሸክመው ይገኛሉ። የጦስኝ፣ የሰንሰልና የእንቆቆ የላቲን ስሞች ሁሉም የአንድ ሰው መታሰቢያ ናቸው። ሰውዬው ዊልሄልም ሺምፐር ነው። ጀርመናዊው ተክል ሰብሳቢ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በትግራይና በስሜን ሲሰበስብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ውስጥ ሞተ። አገሩን የወደደ፣ ትዳር መሥርቶ የቀረ ሰው ነበር፤ ሥራውም ትልቅ ነው።

ኮሶም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ አልፎ ጎንደር የገባ ተጓዥ ነው፤ ዛፉን አሥሎ በእንግሊዛዊው በባንክስ ስም ሊጠራው ሞከረ። በመጨረሻ የጸናው ስም ግን የጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ የሐገን ሆነ። የሚያስገርመው የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ ያለው መሆኑ ነው፤ ለኮሶ ትል የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። የትኛው ዛፍ እንደሚያሽር ሐገን ከመወለዱ በፊት ለይቶ ያወቀ ደገኛ ነበረ። ሙሉ ጾታዋ፣ ሙሉ መድኃኒቷ ታውቆ ሳለ ስሟ የሌላ ሰው ሆነ።

ስለ ስም መናደድ ትንሽነት ይመስላል። ግን ስም የባለቤትነት ደረሰኝ ነው። ይህን ከእንዶድ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠና ነበር። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ከዚህ ምልከታ ተነሥቶ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት በሳይንስ አረጋገጠ። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጩ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ ለማ የኢትዮጵያ ኩራት ነው፤ ድሃ አገር በራሱ ተክል በሽታውን ሊከላከል ይችላል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። ክብሩን መቀነስ የሚፈልግ የለም።

ቢሆንም ታሪኩ ሲነገር የሚጎድል ነገር አለ። ከወንዙ ዳር የነበሩት አጣቢዎች በታሪኩ ውስጥ ያሉት እንደ መልክዓ ምድር ነው፤ ወንዝ ነበረ፣ ድንጋይ ነበረ፣ አጣቢዎች ነበሩ። እንዶድ ከሌላው ፍሬ ተለይቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ወደ ውሃው እስኪገባ ድረስ ያለው ዕውቀት የእነማን ነበር? ስማቸው አልተመዘገበም። በምናባዊው ታሪክ ከጫካው ዳር ያለችው ሴትዮ፣ እዚህ ከወንዙ ዳር ቆማለች።

ዓለምም ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ለልብ ሕመም ስለሚሆን አንድ ተክል መጽሐፍ አሳተመ። የዚህ ተክል መድኃኒት እስከ ዛሬ በሆስፒታል አለ። ዊዘሪንግ ራሱ እንደጻፈው ነገሩ የመጣው በ1775 ስለ አንድ የቤተሰብ ቅመም ሐሳቡን ሲጠየቅ ነው፤ ቅመሙን በምስጢር ይዛ የኖረች አንዲት የሽሮፕሻየር አሮጊት ነበረች። ስሟን አልጻፈም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አንድ የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ለማስታወቂያው ሲል «እማማ ሃተን» የሚል ስም ፈጥሮ ለጠፈላት፤ ብዙ ሰውም እውነተኛ ስሟ መሰለው። በሕይወቷ ስም ያልተሰጣት ሴት ከሞተች በኋላ የልብወለድ ገጸ ባሕርይ ሆነች። እውነተኛዋን ያልመዘገበ ትውልድ የምናብ ጠንቋይ ይፈጥራል፤ ከዚያ በምናቧ ይዝናናል።

▪️ ተቃውሞው ባዶ አይደለም

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንዱ የጤና ባለሙያው ተቃውሞ ነው። «የጓዳ መድኃኒት ሰው ይገድላል፤ ለምን ይሞገሳል?» ይላል። እውነት አለው። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። እንዶድን ጽንስ ለማስወረድ የጠጡ ሴቶች ታሪክ አሳዛኝ ነው። ግን ለምን ጠጡት? የሚያማክራቸው፣ በግልጽ የሚያክማቸው ሰው ስለሌለ፣ በሕግም በነውርም ስለተከበቡ ነው። የሴት ዕውቀት ክፉኛ ጨለማ ውስጥ የገባው ከገዛ አካሏ ጋር በተያያዘበት ቦታ ላይ ነው። ምስጢር የሆነ ዕውቀት ስሕተቱን የሚያርምለት የለም። ስለዚህ የአደጋው መኖር ለዝምታ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም ነገሩ በብርሃን እንዲጠና ያስገድዳል።

ሌላው ተቃውሞ የታሪክ ጸሐፊው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባርባራ ኤረንራይክና ዲርድሪ ኢንግሊሽ ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ፣ በአውሮፓ ጠንቋይ እየተባሉ የተገደሉት ሴቶች በአብዛኛው ፈዋሾችና አዋላጆች እንደነበሩ ተከራከሩ። ሐሳቡ በፌሚኒስቶች ዘንድ ተወደደ፣ ወደ ልብወለድም ገባ። በኋላ የተነሡ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን መዝገቡን ሲያገላብጡ አዋላጅነት የክሱ ዋና ምክንያት ሆኖ አላገኙትም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በደልን ለመንገር ተረት መጨመር አያስፈልግም። ቅጠል አዋቂዋን ቅድስት ማድረግም ሌላ ዓይነት ስም መንጠቅ ነው። እሷ ትሳሳታለች፣ ትቀናለች፣ ዋጋ ታስወድዳለች፤ ሰው ናት።

ደግሞም በስሜንና በወገራ ፍርሃቱ የወደቀው በቅጠል አዋቂዋ ላይ ብቻ አልነበረም። በዚህ አገር ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጎረቤት ምጣዱንና ማድጋውን ከእጃቸው እየገዛ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ከእሳትና ከአፈር ጠቃሚ ነገር ማውጣት የቻለች ሴት በዓይኗ ሰው ትበላለች ተባለች። ያቺን ሴት ያስፈራት ችሎታዋ ሳይሆን ችሎታዋ ያለ ሥልጣን መሆኑ ነው። ክታብ ጻፊው ደብተራም ይፈራል፤ እሱ ግን ፍርሃቱ ክብር ይሆንለታል። ለእሷ ፍርሃቱ ከሰው መለያ ነው።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

አካባቢው የመዝጋቢ ድሃ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚከታተል የጥናት ጣቢያ አለው። ደባርቅም የራሱን ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። የዕፅ ጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ከሽማግሌው ደጃፍ ወደ ጓዳው ማሻገር ይችላሉ። «እዚህ መድኃኒት አዋቂ ማነው?» ብሎ መጠየቅና «ትናንት ልጅሽ ሲታመም ምን ሰጠሽው? ከማን ተማርሽው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት የተለያየ አገር ያሳያሉ። ሴት መጠየቅ የምትችል ሴት ተመራማሪ መላክም ከዚሁ ይቆጠራል።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ ከአንድ ዓመት በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ከሰፈሩ በኋላ ነው። ለዋልያውና ለሣሩ የተሰጠው እረፍት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከተራራው የወረደች ሴት ከሥሩ የተነቀለ ዕውቀት ይዛ ነው የወረደችው። ተክሉ ላይ ቀርቷል፤ ስሙንና አሠራሩን የምታውቀው ታች ናት። ልጇ ተክሉን ሳያይ ካደገ ስሙም አብሮ ይሞታል። የተከፈለው ካሣ የመሬትና የቤት ሒሳብ ሊኖረው ይችላል፤ የዕውቀት ሒሳብ ግን በየትኛውም ካሣ ውስጥ አይታሰብም።

ሕጉም መፈተሽ አለበት። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አንድ ማኅበረሰብ ለዕውቀቱ ፈቃድ የመስጠትና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ያውቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ማኅበረሰብ» ሲሰበሰብ ግን ከዛፍ ጥላ ሥር የሚናገረው ማነው? ፈራሚው ሽማግሌ፣ ባለ ዕውቀቷ ቡና አፍይ ከሆነች፣ አዋጁ ከውጭ ዘራፊ የጠበቀውን ከውስጥ አሳልፎ ይሰጣል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት ከ30 ሺህ በላይ ናቸው፤ በገጠር ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ለብዙ የገጠር እናት የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሐኪም እነሱ ናቸው። የልምድ አዋላጇና ቅጠል አዋቂዋ በዚህ ሥርዓት ውስጥ በአብዛኛው «ጎጂ ልማድ» በሚል ምዕራፍ ነው የሚገኙት። ወጣቷ የጤና ሠራተኛ አሮጊቷን «ይህን አትስጪ፤ ይህኛው ችግር የለውም፤ ይህ ምልክት ሲታይ ግን ቶሎ ወደ እኔ ላኪ» የምትልበት የሥራ ግንኙነት ቢኖር ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ከሁሉ በላይ ሕመምተኛው።

በመጨረሻም ደራሲዎቹ። በአማርኛ ምናባዊ ልብወለድ እየበዛ ነው። ይስማዕከ ወርቁ በ«ዴርቶጋዳ» የተሰወረውን ሳይንስ በጣና ገዳም ውስጥ ሲያስቀምጠው ሺዎች ተሻምተው አንብበውታል፤ ጥንታዊ ምስጢር በገዳምና በብራና ውስጥ አለ የሚለው ሐሳብ ልብ ያሞቃልና። የሚቀጥለው ደራሲ ምስጢሩን ጓዳ ውስጥ ቢያስቀምጠውስ? እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቸት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጻፋቸው የቲፋኒ ኤኪንግ ታሪኮች ውስጥ ትልቋ አዋቂ በግ ጠባቂ አያት ናት፤ ዘንግም ዘውድም የላትም፤ ተርፐንታይንና ትንባሆ ትሸታለች፤ የበግ በሽታ ታውቃለች። በግና ገብስ ለሚያውቅ የስሜን አንባቢ ይህቺ አያት ባዕድ አይደለችም። ደባርቅ ላይ ብትቀመጥ ጋቢዋን ለብሳ፣ ጦስኟን በቁና ይዛ፣ ዋጋ ስትከራከር ትታያለች።

ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ታሪክ ውስጥ የሚያስፈልጓት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ስም ያስፈልጋታል። መምህር ያስፈልጋታል፤ እናቷ ወይም አክስቷ ሆና የተማረችባት። ዋጋ ያስፈልጋታል፤ ያከመችበት የሚከፈላት ወይም የሚከለከላት። ስሕተት ያስፈልጋታል፤ ያላዳነችው ሰው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀግናው ከዳነ በኋላም በታሪኩ ውስጥ መቆየት አለባት።

ቋንቋውም ከዚያው ሊጀምር ይችላል። «ምን አስነክታው ነው?» ለሚለው መልሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ዳማ ከሴ አስነክታው ነው፤ ትኩሳቱ ወርዷል። አደረገችለት እንጂ አላደረገችበትም።